እናቴን ከመርዶ ያሸሸንበት ሳምንት

አባቴ አርቪ የገዛው ጡረታ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው ነው። አርቪ ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት ጭምር የተገጠመለት፣ አነስተኛ አውቶቡስ የሚያክል መኪና ነው። አሜሪካኖች ጡረታ ሲወጡ በሱ ሆነው አገራቸውን ይዞራሉ። አባቴ ለዓመታት መንገደኛ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴል፣ ከሆቴል አውሮፕላን ማረፊያ ሲያመላልስ ኖሮ፣ እነሱ አይተውት የሚመጡትን አገር እሱ አንድም ቀን ወጥቶ አላየውም ነበር። እዚህ አትላንታ አጠገብ ዱሉዝ ከሚኖር አንድ ሽማግሌ ያገለገለ አርቪ ገዝቶ ደጃችን ሲያቆም እናቴ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ ቤት አለኝ፣ እግር ያለው ቤት ምን ያደርግልኛል ብላ ተመልሳ ገባች። ከዚያ ወዲያ ዓመት ያህል ከቤታችን ጎን ተገትሮ ቆየ። እሷም ቀስ በቀስ የሽንኩርት ጆንያና ለድግስ ብቻ የሚወጡ ትልልቅ ድስቶች ማስቀመጫ አደረገችው። አባቴ አንድ ሁለቴ ተቆጥቶ ተወው።

ያ መኪና በመጨረሻ ከቆመበት የተነቃነቀው ሞት መጣ ተብሎ ነው።

ስልኩ የተደወለው ሰኞ ዕለት ነው፤ የተደወለውም ለእናቴ ሳይሆን ለአባቴ ሞባይል። ደዋዩ አዲስ አበባ ያለው የእናቴ ወንድም ልጅ ነበር። እናቴ ያላት ያ አንድ ወንድም ብቻ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ራሷ ልጅ ነበረች፣ እሱ ደግሞ ገና ጡት አልጣለም፤ እሱን አዝላ ነው ያደገችው። አሜሪካ ከመጣን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የስልክ ካርድ ገዝታ ትደውልለታለች፤ ካርዱ እስኪያልቅም ታወራዋለች። ምን እንደበላን፣ ማን እንዳገባ፣ እኔ ምን ብዬ እንዳስቀየምኳት ሁሉ እሱ ያውቃል። እኔን በሚመለከት ከእኔ በላይ መረጃ ነበረው።

ልጁ ለአባቴ የነገረው ይህን ነው፦ አባቱ በድንገት በጠና ታሟል፤ ከሆስፒታል ወደ ቤት መልሰውታል፤ እህቴን አገናኙኝ እያለ ይጠራታል፤ ደም ግፊት ስላለባት ግን ቀስ ብላችሁ ንገሯትና ትደውልለት። መስመሩ እየተቆራረጠ ስለነበር ከዚህ በላይ አላወሩም።

አባቴ የሥራ ቫኑን እየነዳ በቀጥታ ፒችትሪ ኮርነርስ እኔ የምሠራበት ቢሮ መጣ። መኪና ማቆሚያው ላይ ጠርቶኝ አጎቴ መሞቱን ነገረኝ። ልጁ እንደዚያ ብሎ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"እንዴት ይላል?" አለኝ። "እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ማን ይናገራል?"

ከዚያ እዚያው ቆመን የራሱን አባት ሞት ነገረኝ፤ ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም። እሱ ክፍለ አገር ሲሠራ፣ አባትህ ታሟል፣ ይጠራሃል፣ ቶሎ ድረስ የሚል መልእክት ደረሰው። የሚያውቀውን መድኃኒት ሁሉ ከፋርማሲ ገዝቶ፣ በአውቶቡስ ተጉዞ ሰፈሩ ሲደርስ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ድንኳኑን አየው። መድኃኒቱን እንደያዘ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ታሟል፣ ይጠራሃል ማለት ለእሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ትርጉም የለውም። ደግሞስ፣ አለኝ፣ ሰውዬው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ልጁ ለምን ወደ እሷ አይደውልም? ለምን ወደ እኔ?

ነገሩ አሳማኝ ነው። እኔም እዚህ ያደግኩ ልሁን እንጂ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ስንት ሰው ቤት በማለዳ እናቴን በመኪና አድርሻለሁ።

የእድራችን ሽማግሌዎች ሲሰሙ አንዳቸውም አልተጠራጠሩም። መርዶው እሑድ ማለዳ ይሁን ተባለ፤ ሰው ሥራ አይገባም፣ ሲያትል ያለው ወንድሜም ቅዳሜ ይደርሳል። ችግሩ እስከዚያ ያሉት ቀናት ናቸው። ወሬው አንዴ ከወጣ መያዣ የለውም። እናቴ ደግሞ ከዱሉዝ ለቀን የገባንበት ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ያሉትን የሐበሻ ሱቆች በየቀኑ ካልዞረች አትውልም፤ አንዱ እንዳትናገር ያልተባለ ሰው በርበሬ ሲመዝንላት እግዚአብሔር ያጽናሽ ቢላት ያው ጉድ ፈላ። ከሰው አርቃት አሉት አባቴን። አባቴም ያኔ ከመስኮቱ ውጭ የተገተረውን መኪና አየ።

ማክሰኞ ድስቶቹንና ሽንኩርቱን አውርደን ተነሣን። እኔ ሥራ ቦታ ኦፍ ጠይቄ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ምናልባት ግፊቷ ቢነሣ መድኃኒቷን የማውቀው እኔ ነኝ። እናቴ ድንገት ለሽርሽር ስንነሣ ግራ ገባት። ግን ከሹፌሩ ጎን ካለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ከወጣች በኋላ ቁጣዋ ለዘብ አለ። ከዚያ ላይ ሆና የሌሎቹን መኪኖች ጣሪያ ቁልቁል ታያለች። የጭነት መኪና በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር አርቪው በነፋሱ ወደ ጎን ይገፋል፤ ከኋላ ኩባያዎቹ ይንጫጫሉ፤ እሷ እጀታውን ጭብጥ አድርጋ ትስቃለች። አባቴ መንገዱን ብቻ ያያል።

መጀመሪያ ያደርነው ከከተማው በስተሰሜን፣ ፏፏቴ ያለበት የመንግሥት ፓርክ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ሁሉ ቀልቷል። አባቴ የውሃውን ቱቦና የመብራቱን ገመድ ከቦታችን ማገናኛ ጋር ሲያገጣጥም አንዱ እንቢ ብሎት ራሱን እስከ ደረቱ አረጠበ። በጎረቤት አርቪ ያሉ ትንሽ ውሻ የያዙ ባልና ሚስት መጥተው አገዙት። ነጭዋ ሴትዮ እናቴን ጫካውን ወደደችው እንደሆነ ጠየቀቻት፤ እናቴ ባላት እንግሊዝኛ "ብዩቲፉል" አለቻት። ለእኔ ግን ቀስ ብላ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፦ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው ሽንታችንን ተሸክመን ነው ወይ? አዎ አልኳት። ፍሳሹ ከሥሩ ባለው ታንክ እንደሚጠራቀምና ስንወጣ አባቴ በወፍራም ቱቦ እንደሚያፈስሰው ነገርኳት። ለወንድሜ ይሄን ካልነገርኩት ብላ እስክታነባ ሳቀች።

ያን ሁሉ ሳምንት እንዲህ ነበረች። የምታየው ነገር ሁሉ የሚቀመጠው ለቅዳሜው ስልክ ነው። ፏፏቴውን ስታይ እሱ በልጅነቱ ውሃ እንዴት ይፈራ እንደነበር አወራችልን፤ እግሩን ለማጠብ እንኳ ሁለት ሰው ይይዘው ነበር አለች። እኛ የሞተ ሰው ወሬ እየሰማን ነው፤ እሷ በሕይወት ስላለ ሰው እያወራች ነው። አባቴ እየሰማ ይነሣና ጎማ ለማየት ይወጣል። ያ ጎማ እንደዚያ ሳምንት ታይቶ አያውቅም።

ረቡዕ ከተራራው ስንወርድ መንገድ ዳር፣ ድብ እዩ የሚል ትልቅ ሰሌዳ ያለበት ሱቅ አገኘን። ማርና የእንጨት አሻንጉሊት ይሸጣል፤ ከጀርባው በሲሚንቶ የተሠራ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ፀጉሩ የተላላጠ ድብ በኋላ እግሩ ቁጭ ብሎ፣ ሰው ወደ ታች የሚወረውርለትን የፖም ቁራጭ እጁን ዘርግቶ ይለምናል። እናቴ አየችው አየችውና ምን አጥፍቶ እንደታሰረ ጠየቀችኝ። ምንም አላጠፋም፣ ሰው እንዲያየው ነው አልኳት። ሲለምን ማየት አልቻለችም፤ የያዘችውን ፖም ሁሉ አንዴ ወረወረችለትና ወደ መኪናው ተመለሰች።

ያን ቀን ማታ፣ አባቴ ውጭ ሆኖ እሳት ሲያነድ፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባትሽ ሐኪም የነገረው ነገር አለ?" አለችኝ።

የለም አልኳት። አላመነችኝም። እድሜ ልኩን እረፍት ወስዶ የማያውቅ ሰው በድንገት ሥራ ትቶ አገር ሊያሳያት ሲነሣ፣ አልበላ ሲል፣ ዓይኗን ማየት ሲሸሽ፣ ቤት ሲደርስ የሚለኩሰውን ጭቅጭቅ ሁሉ ሲተው፣ እናቴ ሂሳቡን በራሷ ደርሳበታለች። ባሏ ሊሞትባት ነው። ከመሞቱ በፊት የተመኘውን መንገድ ከእሷ ጋር ሊሄድ ፈልጎ ነው፤ እኔም አውቄ እየደበቅኋት ነው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በሹክሹክታ ነው። እንግዲህ ምን ልበላት? ሞትስ አለ፣ ግን የእሱ አይደለም ልበላት? አባዬ ደህና ነው ብቻ አልኳት፤ ደጋግሜ ባልኩት ቁጥር ደግሞ ጥርጣሬዋ እየጸና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለአባቴ የነበራት አያያዝ ተለወጠ። ሐሙስ ጠዋት ጃኬቱን አልብሳ ነው ያስወጣችው። እንቁላሉን እንደሚወደው በቃሪያ ጠበሰችለት። መንገድ ላይ ደክሞህ እንደሆነ አንዴ እንረፍ ትለዋለች፤ ይሄ እግር ያለው ቤት እውነትም ደግ ነገር ነው ትለዋለች። አባቴ ምን እንደሆነች አላወቀም። እኔም አልነገርኩትም፤ ከቻለ ያን ደግነት ሳያውቅ ይብላው አልኩ። በዚያ ሳምንት በመካከላቸው የነበረውን ዓይነት ፍቅር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ያም በሐሰት ላይ የቆመ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ወደ ደቡብ ስንሄድ አትላንታን አቋርጠን ማለፍ ነበረብን። የእኛን መውጫ ስታይ እናቴ አንዴ ቤት ጎራ እንበልና ሹራብ ልያዝ አለች። አባቴ ይሄን ትልቅ መኪና እዚያ ማዞር አልችልም ብሎ ነዳ። ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሞ የነበረ መኪና ነው። ዞር ብላ አየችው። ጭንቀቱን ከሕመሙ ቆጠረችው መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ በአውራ ጎዳናው ዳር በጡብ ግንብ ላይ የተሰቀለ፣ ትልቅ የኦቾሎኒ ሐውልት ያለበት ከተማ ደረስን። ሰው ለኦቾሎኒ ሐውልት ያቆማል ብላ እናቴ አላመነችም፤ ወርዳ ግንቡን ዞረችው። ወንድሟ በልጅነቱ ከሁሉ የሚወደው ነገር በጋዜጣ የተጠቀለለ ኦቾሎኒ ነበር። የተገኘች ሳንቲም ሁሉ ለዚያ ትሄድ ነበር። ከሥሩ ቆማ አንዴ ተጠቅመው በሚጥሉት የወረቀት ካሜራዬ ፎቶ እንዳነሣት ጠየቀችኝ፤ እሱ ሲያየው እንዲስቅ ብላ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ልትለቅመው እንደምትንጠራራ ሆነች። አነሣኋት። አባቴ ከመኪናው አልወረደም።

ማታ ያረፍንበት ፓርክ ጽሕፈት ቤት አጠገብ የሕዝብ ስልክ ነበር። እናቴ ቅዳሜን መጠበቅ አልቻለችም። ለወንድሜ ልደውል አለች። ስለ ኦቾሎኒው ብቻ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ባሏ እየሞተባት ነው፣ ይህንን ደግሞ የምትነግረው ከእሱ በቀር ሰው የላትም። ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣች። መነጽሯን ይዛ አልወረደችም ነበርና ቁጥሩን እንዲመታላት ለአባቴ ሰጠችው።

አባቴ ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። እያየሁት አንዱን አጎደለው። ከዚያ እጀታውን በጆሮዋ ላይ አደረገላት። የተቀዳችው ሴት በእንግሊዝኛ ቁጥሩ ትክክል አይደለም እያለች ትመላልሳለች። እናቴ በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

"መስመሩ ከዚህ አይሠራም፤ እሑድ ትደውይለታለሽ" አላት።

እሺ አለችው። ካርዱን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አባቴ ያን ሌሊት ሞባይሉን ጨርሶ አጠፋው። ቀድሞም ጫካው ውስጥ ብዙም አይሠራም ነበር።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቤት ገባን፤ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት አልፏልና እናቴ ስልኩን ለጠዋት አቆየችው። ወንድሜ ከሲያትል መጥቶ ሆቴል ገብቷል፤ ጠዋት ከሰዎቹ ጋር ነው የሚመጣው። እሑድ ገና ሳይነጋ መኪኖቹ መብራታቸውን አጥፍተው በመንገዱ ዳርና ዳር ቆሙ። በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። ነጠላ ዘቅዝቀው የለበሱትን ሴቶች፣ ከፊት የቆሙትን ሽማግሌዎች፣ በመካከላቸው ደግሞ ልጇን አየች። መጀመሪያ ያደረገችው ወደ ኋላ ዞሮ አባቴን ማየት ነው። ቆሟል። ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ ነበር፤ ለቅጽበት ያህል።

ከዚያ ሽማግሌው ነገሯት።

ለቅሶውን መግለጽ አልፈልግም። ሁለት ሴቶች ይዘዋት አልቻሏትም። ወንድምዬ፣ ልጄ፣ አዝዬ ያሳደግኩህ እያለች ደረቷን ስትመታ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ከእሷ ጋር ሲያለቅስ፣ የሁላችንም ድምፅ አንድ ላይ ሲወጣ፣ የመርዶው ሥርዓት እውነትም የተሠራው ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ ሞባይሉን ከፍቶት ነበር። ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ወደ ኩሽና ገብቶ አነሣው። ተከትዬው ነበርና ፊቱ አመድ ሲሆን አየሁ። ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

የአጎቴ ልጅ ነው። ከኋላዬ የሚሰማው ጩኸት አስደንግጦታል።

"ምን ሆናችሁ? ማን ሞተባችሁ?" አለኝ።

አባትህ ብዬ ልጀምር ስል እሱ ቀደመኝ። አባዬ እኮ አለ፣ አለኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስደውል ስልኩ አይሠራም፣ የአዲሱን ቤታችሁን ቁጥር ደግሞ ማንም አልሰጠኝም። ለአባቴ የደወለው ለዚህ ነው፤ ከዱሉዝ ከለቀቅን ወዲህ ያለው ቁጥር የአባቴ ብቻ ነበር። እስከ ዓርብ ድረስ ይናገር ነበር፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እሷ ናት ወይ ይል ነበር። ከትናንት ጀምሮ ግን አንደበቱ ተዘግቷል። ይሰማል ብለውናል፤ ጆሮው ላይ ልያዝለትና ታናግረው።

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ያን ያህል ሽማግሌ፣ ያን ያህል አዋቂ፣ እኔ የተማርኩት ጭምር፣ አንዳችንም መልሰን ደውለን ሰውዬው አለ ወይ ብለን አልጠየቅንም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይጠየቅማ።

ስልኩን ይዤ በለቅሰኛው መካከል አለፍኩና ከመሬት ላይ አጠገቧ ተንበረከክሁ። አለ፣ አልኳት፤ እማዬ አለ፣ አልሞተም፣ ይሰማሻል። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ስልኩን ነጠቀችኝና ሌላ እጇን ወደ ሰዉ አነሣች።

"ዝም በሉ" አለች። "ወንድሜ ይሰማል።"

ያ ሁሉ ሰው አንዴ ዝም አለ። ድምፅዋን እንደምንም አስተካክላ፣ እኔ ነኝ አለችው። ማልቀሷን አልነገረችውም። አገር ሲያሳዩኝ ሰነበቱ አለችው። ከተራራ ላይ የሚወርድ ውሃ አየሁ፣ አንተ ብትሆን ትሸሽ ነበር። የታሰረ ድብ አየሁ፣ ፖም ሰጠሁት። ኦቾሎኒ አየሁልህ፣ ከሰው የሚበልጥ፣ ግንብ ላይ የሰቀሉት፤ ፎቶውን እልክልሃለሁ። በየመሃሉ ቆም እያለች ታዳምጣለች። አጠገቧ ስለነበርኩ ትንሽ ትንሽ ይሰማኝ ነበር። የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ካርድ አልነበረም የሚያልቅ፤ ልጁ ራሱ መስመሩ እስኪቋረጥ ያዘላት።

ለቅሰኞቹ ምን እንደሚሉ አላወቁም። እግዚአብሔር ያጽናሽ አይባል፣ እንኳን ደስ አለሽ አይባል። አንድ አንድ እያሉ ጫማቸውን ፈልገው ወጡ። ያመጡትን ምግብ ትተውልን ሄዱ። አባቴ ኩሽና ውስጥ ቆሞ፣ "እኔንም ይጠራሃል ነበር ያሉኝ" ይላል፤ ለማን እንደሚናገር ግን አላውቅም።

ማክሰኞ ሁላችንም ሥራ ገባን፤ ወንድሜም ወደ ሲያትል ተመልሷል። ማታ ስመጣ አባቴም ገና መግባቱ ነው። እናቴ ገበታ አቅርባ ጠበቀችን። ዓይኗ አብጧል፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ስንቀመጥ፣ "ጠዋት አርፏል። ልጁ እዚህ ደውሎ ነገረኝ" አለች።

ቀኑን የት እንደዋለች ኋላ ነው የነገረችኝ። ጎረቤቶቹ እንዳይሰሟት አርቪው ውስጥ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ከኋላ ካለው አልጋ ላይ ሆና ስታለቅስ ነው የዋለችው።

አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ለሽማግሌዎቹ ሊደውል ስልኩን አነሣ።

"ማንንም አትጥራ" አለችው። "አልቅሰው ጨርሰው ሄደዋል።"

አባቴ ስልኩን መልሶ አስቀመጠው።